መርዶ ይዞ ከደሴት ደሴት

ሰኞ፣ ሲኪሆር ደሴት፣ ፊሊፒንስ

ስልኩን ባላነሳው ኖሮ ዛሬም እንደ ትናንት ይሆን ነበር። ሩት ባሕር ውስጥ ናት፣ እኔ ጥላ ስር ተጋድሜ የተላጠ ትከሻዬን ቅባት እቀባለሁ። ስልኬ ላይ «ጋሽ ብርሃኑ» የሚል ስም መጣ። የሩት አባት የጋሽ ታምራት የልብ ጓደኛ ናቸው፣ የቤተ ክርስቲያናቸውም ሽማግሌ። ለእኔ ደውለውልኝ አያውቁም። ቁጥራቸው ያለኝ ሩት በነርስነት ስትመረቅ ያነሳሁትን ፎቶ እንድልክላቸው ጠይቀውኝ ስለነበር ነው።

«ፎዚያ ልጄ፣ ብቻሽን ነሽ?» አሉኝ።

ይቺን ጥያቄ ሐበሻ የሆነ ሁሉ ያውቃታል። አዎ አልኳቸው።

ጋሽ ታምራት ሞቱ። ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው፣ እዚያ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤታቸው በር ላይ፣ ቁልፉን እንደያዙ ወደቁ። ልባቸው ነው አሉ። አምቡላንሱ ቶሎ ደርሶ ነበር፣ ግን አልሆነም።

ከዚያ ትእዛዙ ተከተለ። ለሩት ትንፍሽ እንዳትዪ። ልጅቷ በሰው አገር፣ ዘመድ በሌለበት እንዲህ ያለ ነገር መስማት የለባትም። አንድ ምክንያት ፈልገሽ ይዘሻት ነይ። ቀብሩ እስክትደርሱ ይቆያል። ከመጣች በኋላ አንድ ሌሊት አሳርፈናት፣ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ እኛ ሽማግሌዎቹ ሄደን እናቷ አጠገብ እንነግራታለን። «አደራ ልጄ» አሉኝ። እሺ ጋሼ አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል? መርዶ በስልክ አይነገርም። ይሄን እኛም እስላሞቹ እናውቀዋለን፣ እነሱም ጴንጤዎቹ ያውቁታል። በሌላ በብዙ ነገር አንስማማም፣ በዚህ ግን ተስማምተን ነው የኖርነው።

ሩት ከባሕሩ ወጣች። ኤሊ አይታለች። «ፎዚ፣ ዓይን ዓይኔን አየኝ፣ አይ ስዌር!» አለች። ከዚያ «ይሄን አባዬ መስማት አለበት» ብላ ስልኳን አነሳችና ድምጿን ቀርጻ ላከችላቸው። ጨዋማ ውኃ ከፀጉሯ እየተንጠባጠበ፣ እየሳቀች። እኔ ቅባቱን ዘጋሁ፣ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ።

ማክሰኞ፣ ሲኪሆር

ገና ከጉዟችን አንደኛው ሳምንት ነው ያለቀው። ሦስት ሳምንት ነበር ያቀድነው፣ የፊሊፒንስን ደሴቶች በጀርባ ቦርሳ ብቻ፣ በቀርፋፋ ጀልባ፣ አየር ማቀዝቀዣ የሌለው ክፍል እየተከራየን፣ መንገድ ዳር የተጠበሰ ዓሣ በሩዝ እየበላን። ሩት ሁለት ዓመት ትርፍ ሺፍት የሠራችው ለዚህ ነው። ጋሽ ታምራት ደለስ ኤርፖርት ድረስ ቦርሳዋን ራሳቸው ተሸክመው መጥተው «እኔ አሜሪካ ያመጣሁሽ ዕቃ በጀርባሽ ተሸክመሽ እንድትንከራተቺ ነው?» አሏት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከማንም በላይ የሳቁት እሳቸው ናቸው።

ቀኑን ሙሉ ምክንያት ስፈልግ ዋልኩ።

«አባትሽን ትንሽ አሟቸዋል» ማለት አይቻልም። ሐበሻ ትንሽ አሞታል ከተባለ አልቋል ማለት እንደሆነ ሩት ሜሪላንድ ብታድግም ታውቃለች። «እናትሽን አሟቸዋል» ማለትም ያው ነው። «ከሥራ ጠሩኝ» ብዬ ሞከርኩ። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የምሠራበት ፋርማሲ ሰው ጎድሎበታል አልኩ። ሳቀችብኝ። «ቬኬሽን ላይ ነሽ፣ አይገባቸውም? ስልክሽን ዝጊው።»

ስለዚህ ታመምኩ። ሆዴን ይዤ አልጋ ላይ ተጠቀለልኩ። ከነርስ ጋር መንገድ መውጣቴን ረስቼው ነበር። ሩት እጇን ታጥባ መጣች፣ በቀኝ በኩል ተጫነች፣ በግራ ተጫነች፣ ለቀቅ ስታደርገው ፊቴን አየች። ሙቀቴን ለካች። ምን እንደበላሁ ጠየቀች። «አፔንዲክስ አይደለም። ጋዝ ነው» አለችኝና ዝንጅብል አፍልታ አመጣችልኝ። እዚያው ቁጭ ብላ እስክጨርሰው ጠበቀችኝ። እንዲህ ያለች ልጅ ናት የምዋሻት። ዝንጅብሉን እንባዬ እየመጣ ጠጣሁት፣ ያቃጥላል አልኳት።

ረቡዕ፣ ሲኪሆር

ዛሬ ለእናቷ ደወለች። እትዬ ወይንሸት ቪዲዮውን አልከፈቱም። ድምፃቸው ያስተጋባል። ሩት «እማ፣ ደረጃው ላይ ሆነሽ ነው እንዴ የምታወሪው?» አለቻቸው። ልብስ ማጠቢያው ጋ ነኝ አሉ። እኔ ግን ገባኝ። ቤቱ በለቀስተኛ ተሞልቷል፣ የሰው ድምፅ እንዳይሰማ ወጥተው ነው። «አባዬስ ለምን አይመልስልኝም?» ስትላቸው በፍጹም ደህና ድምፅ «ስልኩ ወድቆበት ተሰብሮ፣ ሊያሠራው ሰጥቶት ነው» አሉ። ባላቸውን ያጡት እሑድ ነው። እንዲህ መዋሸት የሚያስችል ኃይል ከየት እንደሚመጣ አላውቅም። እኔ አንድ ሆድ ቁርጠት እንኳ አስመስዬ መታመም አቅቶኛል።

ጋሽ ብርሃኑ በጽሑፍ «የት ደረሳችሁ?» ብለውኛል። እየሞከርኩ ነው አልኳቸው። «ሬሳ እየጠበቀ ነው ልጄ» ብለው መለሱ። እኛ ጋ ቢሆን በዕለቱ ይቀበር ነበር። ይሄ ማስጠበቅ የሚባለው ነገር ለእኔ ከሞቱ በላይ ከበደኝ።

ማታ የመጨረሻውን ካርዴን መዘዝኩ። ሰውነቴ ከብዶኛል፣ ባሕሩ አስጠልቶኛል፣ ወደ ቤት መመለስ እፈልጋለሁ አልኳት። ብቻዬን ግን አልሄድም፣ እፈራለሁ አልኳት። ሩት አልተቆጣችም። ቢያንስ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሴቡ ድረስ አደርስሻለሁ፣ ፍላይትሽን አስቀይርልሻለሁ፣ ከዚያ እኔ ወደ ቦሆል ደሴት እቀጥላለሁ» አለችኝ። «ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ነገር ነው ፎዚ። አባዬ ሁሉንም ጨርሰሽ ነይ ብሎኛል።»

ሐሙስ፣ ሲኪሆር

ጀልባ የለም። ማዕበል ተነስቷል ተብሎ ወደቡ ተዘግቷል። እስከ ነገም ላይከፈት ይችላል። ሁለታችንም ቦርሳችንን እንዳዘልን ከወደቡ በዝናብ ተመለስን። የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት አሮጊቷ ያንኑ ክፍል መልሳ ከፈተችልን።

ነገርኳት።

እንዴት እንደሆነ ልጻፈው። በረንዳው ላይ ነበርን። ሩት ለአባቷ እየቀረጸች ነበር፣ ዝናቡን ታሰማቸዋለች፣ ቆርቆሮው ላይ እንዴት እንደሚወርድ። ድንገት ስልኩን ወደ አፌ አስጠግታ «ፎዚ፣ ለአባዬ ሰላም በዪው፣ ይናፍቅሻል» አለችኝ።

«ጋሽ ታምራት፣ እንደምን…» ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ ያለው ቃል አልወጣ አለኝ። ሆድ ይፍጀው እያልኩ አራት ቀን ይዤዋለሁ፣ ሆዴ ግን አልቻለውም። ለሞተ ሰው እንደምን ነዎት አይባልም። ሩት መቅረጹን አቆመች። ፊቴን አየች። ነርስ አይደለች እንዴ፣ ይሄን ፊት በየቀኑ ኮሪደር ላይ ታየዋለች።

«ማን ነው?» አለች።

«አባትሽ።»

«መቼ?»

«እሑድ።»

«ዛሬ ሐሙስ ነው» አለች። ቀን እንደሚቆጥር ሰው ሳይሆን ተሳስተሻል እንደሚል ሰው ነበር ያለችው። ልይዛት እጄን ዘረጋሁ። «አትንኪኝ» አለችኝ፣ በእንግሊዝኛም ደገመችው። ከዚያ በረንዳውን ወርዳ በባዶ እግሯ ወደ ባሕሩ ዳር ወጣች።

ተከተልኳት። አጠገቧ እንድሄድ አልፈቀደችልኝም፣ ዞር ብላ ስታየኝ እቆማለሁ፣ ስትሄድ እሄዳለሁ። ዳርቻውን ጨርሰን፣ አስፋልቱን ይዘን፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ኋላ። አንዴ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጮኸች። ቃል አልነበረውም። ማዕበሉ ከእሷ ይበልጥ ስለሚጮህ ከእኔ በስተቀር የሰማት የለም። ወደ ውኃው ትገባ ይሆን ብዬ ፈርቼ ጫማዬን አወለቅሁ። መዋኘት አልችልም። አልገባችም፣ አልሐምዱሊላህ።

ሲመሽ ተመለስን። አሮጊቷ ምንም ሳትጠይቅ ሁለት ፎጣ ሰጠችን። ሩት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። እኔ በሩ ጋ ወለሉ ላይ ነኝ።

ዓርብ፣ ሲኪሆር

አሁንም ጀልባ የለም። ሩት ሁለት ነገር ብቻ ነው የተናገረችው።

ጠዋት፦ «አራት ቀን ስስቅ ታይኝ ነበር።»

ማታ ደግሞ፦ «እማ ማወቄን ታውቃለች?»

አታውቅም አልኳት። ለጋሽ ብርሃኑም አልነገርኩም፣ ይዣት እየመጣሁ ነው ብቻ ነው ያልኳቸው።

«እንዳትነግሪያቸው» አለች። «ስሰማ ልትይዘኝ ነው ሳምንቱን ሙሉ አፍና የቆየችው። ያን ከወሰድኩባት ሌላ ምን ቀራት?» ተቀምጣ ነበር የምታወራው፣ እኔን ሳታይ፣ ቦርሳዋን እያሰረች። እንግዲህ አሁን ለሩት የያዝኩትን ምስጢር ጨርሼ፣ የሩትን ምስጢር ለእናቷ ልይዝ ነው። ምን ዓይነት ዕቃ ተሸካሚ እንደሆንኩ አላህ ያውቃል።

ቅዳሜ

ባሕሩ ተረጋጋ። ጀልባ፣ ወደብ፣ ታክሲ፣ ኤርፖርት። ሩት መስኮት በኩል፣ እኔ መተላለፊያ በኩል፣ መሀላችን መንገዱን ሙሉ የተኛ የማናውቀው ሰው። ቦታ እንቀያየር ብዬ ላስነሳው ነበር፣ ሩት በጭንቅላቷ አይሆንም አለችኝ። ምግብ ሲመጣ ዳቦዋን ሳታየኝ ወደ እኔ አሳለፈችው። በልቼዋለሁ። ስለ ይቅርታ ይሁን ስላልራባት ለማወቅ ሞከርኩ፣ አልቻልኩም።

እሑድ፣ አሌክሳንድሪያ

ደለስ ስንወጣ ተሰልፈው ይጠብቁን ነበር። እትዬ ወይንሸት ቢጫ ቀሚስ ለብሰዋል። ከንፈራቸውን ተቀብተዋል። ጥቁር እንዳይለብሱ፣ እንዳያለቅሱ፣ ሽማግሌዎቹ አስጠንቅቀዋቸዋል። ጋሽ ብርሃኑ አበባ ይዘዋል። ሁሉም ፈገግ ብሏል፣ ፎቶ አንሺ ያሰለፋቸው ነው የሚመስሉት። ከሁሉም ያስጠላኝ አበባው ነው።

ሩት እናቷን አቀፈች። ከዚያ ያልጠበቅሁትን አደረገች። ዙሪያዋን ፈለግ ፈለግ አድርጋ «አባዬስ? አልመጣም እንዴ?» አለች። መጠየቅ ነበረባት። ካልጠየቀች ያውቁባታል።

«ሥራ ገብቶ ነው የኔ ልጅ» አሉ እትዬ ወይንሸት፣ ፈገግ ብለው። ሩትም «ኦ ኦኬ» አለች፣ ፈገግ ብላ። አንዷ ሌላዋን ልታድን ትዋሻለች። በመሀላቸው የቆምኩት እኔ ሁለቱንም አውቃለሁ። ወለሉን አየሁ። እነሱ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እኔ ከእናቴ ጋር ወደዚህ።

እናቴ ምንም አልጠየቀችኝም፣ አበላችኝ። ሰግደን ስንጨርስ ግን ሁሉንም አወጣሁላት። ፀጥ ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ስለ አባቷ ነገረችኝ። ደሴ ያሉ ወንድሞቿ የአባቷን ሞት ዓመት ሙሉ ደብቀዋት እንደነበር አውቅ ነበር። ያላወቅሁት፣ በዚያ ዓመት ውስጥ የማንበቢያ መነጽር አሠርታ በሰው እጅ ለአባቷ ልካ እንደነበር ነው። ወንድሞቿም ደርሷል፣ ልክ ሆኖታል ብለው መለሱላት።

«ታዲያ መደበቃቸው ልክ ነበር?» አልኳት።

«ልክ ናቸው እንዳልል ለሞተ ሰው መነጽር አስላኩኝ» አለች። «ተሳሳቱ እንዳልል ያኔ ስካይላይን አፓርታማ፣ ፎቁ ላይ አንቺን ታቅፌ ብቻዬን ነበርኩ። የሚያነሳኝ ሰው አልነበረኝም።» ሳህኖቹን ሰብስባ ተነሳች። ነገ ማልዳ ወደ ሩት ቤት ራሷ ልትወስደኝ ነው፣ እኔ እንድነዳ አልፈለገችም።

ሰኞ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ቀለበት መንገዱ፣ ቤልትዌዩ፣ ገና ጨለም እንዳለ ነበር። ከሩት ቤት ራቅ ብሎ ያለው ፓርኪንግ ውስጥ ሁሉም መኪናው ውስጥ መብራት አጥፍቶ ይጠብቃል። ከበልትስቪልም፣ ከቨርጂኒያም የመጡ አሉ። ጋሽ ብርሃኑ ሲወርዱ ሁሉም ወረደ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ በጥቁር ሱፍ፣ በር ሲዘጋ እንኳ ድምፅ እንዳይሰማ እየተጠነቀቁ። እኔንና እናቴን ሴቶቹ መሀል አስገቡን።

ሩት ፒጃማ ለብሳ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። እናቷ አጠገቧ ናቸው። አንድ እጃቸው ከአሁኑ በሶፋው መደገፊያ ላይ፣ ከሩት ጀርባ ተዘርግቷል። ቤቱ ሞላ። የቀረነው መተላለፊያው ላይ ቆምን።

ጋሽ ብርሃኑ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይዘው ጀመሩ። መርዶ በቀጥታ አይገባም፣ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ሰው እንግዳ ነው አሉ። ሁላችንም መንገደኛ ነን አሉ። ድምፃቸው ጥሩ ነው፣ የሞተው ግን ጓደኛቸው ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሲያስተባብሩ ሰንብተው ያለቀሱ አይመስለኝም።

ሩት እሳቸውን አላየችም። እናቷን ነበር የምታየው። የእትዬ ወይንሸት ዓይን ደረቅ ነበር፣ ተራቸውን እንደሚጠብቁ ሰው። ጋሽ ብርሃኑ «ስለዚህ ሩትዬ ልጄ፣ አባትሽ…» ከማለታቸው ሩት ተነሳችና እናቷን ሁለት እጇን ዘርግታ አቀፈቻቸው።

«እማ፣ በቃ» አለቻቸው። «አውቄያለሁ። አሁን አልቅሺ።»

እንደዚያ ያለ ለቅሶ ሰምቼ አላውቅም። ስምንት ቀን የታፈነ ነው። ጴንጤዎች በለቅሶ ላይ ይዘምራሉ እንጂ አይጮኹም ይባላል፣ ዛሬ ግን ማንም ሊዘምር አልደፈረም። እናት ልጇን ልትይዝ ተዘጋጅታ፣ ልጅ እናቷን ያዘች። ጋሽ ብርሃኑ አረፍተ ነገራቸው አፋቸው ውስጥ እንደቀረ ቆመው፣ ቀስ ብለው ዓይናቸውን ወደ መተላለፊያው መለሱ። ወደ እኔ።

ኩሽና ውስጥ አገኙኝ። «አደራዬን በላሽብኝ» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ በላሁ» አልኳቸው። ይቅርታ ልል አስቤ ነበር፣ ይቺ ናት የወጣችው።

ሊቆጡኝ መስሎኝ ነበር። ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ወንበር ስበው ተቀመጡና መጽሐፉን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ማልቀስ ጀመሩ። ውኃ ቀዳሁላቸው። እስኪጠጡ ቆምኩ።

ማክሰኞ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነኝ። ሰው በትሪ በትሪ ምግብ ያመጣል፣ እኔ አነሳለሁ፣ አቀርባለሁ፣ አጥባለሁ። የትናንቱ ወሬ፣ ሩት ቀድማ ማወቋ፣ ሁሉም ጋ ደርሷል። አንዲት ሴት «ያቺ ናት የነገረቻት» ብላ ስትንሾካሾክ በጆሮዬ ሰማሁ። ሌላዋ «በባሕር መሀል! ብትሞትስ ኖሮ?» አለች። እኔም ያን ቀን ጫማዬን ያወለቅሁት ይሄንኑ ፈርቼ ነው።

ሩት ከሴቶቹ ጋር ፍራሹ ላይ ናት። ስገባ ዓይኗን አንስታ ታየኛለች፣ ስወጣ ትመልሰዋለች። ከዓርብ ወዲህ ከሁለት ቃል በላይ አልተነጋገርንም። ልክ ሠርቻለሁ ብዬ ራሴን ማሳመን አቅቶኛል። ተሳስቻለሁ ማለትም ያቅተኛል። ደክሞኛል፣ ትከሻዬ ገና ይላጣል፣ ጓደኛዬ ናፍቃኛለች፣ ያለችው ከእኔ አራት እርምጃ ላይ ነው።

ከሰዓት በኋላ ሻይ ሳዞር እትዬ ወይንሸት ክንዴን ያዙና ወደ ታች ሳቡኝ። ትሪውን መሬት አስቀምጬ ተንበረከክሁ። ድምፃቸው ዘግቷል።

«ስትነግሪያት ይዘሻት ነበር?» አሉኝ።

ይዣት ነበር ብል ደስ ይላቸው ነበር። ውሸት ግን ጨርሻለሁ፣ የቀረኝ የለም።

«አላስያዘችኝም እትዬ» አልኳቸው። «አትንኪኝ አለችኝ። ከኋላዋ ከኋላዋ ስሄድ ነበር። እስክትመለስ።»

«በዝናብ?»

«በዝናብ።»

ክንዴን አልለቀቁም። አዲስ ለቀስተኞች ገቡ፣ በሌላው እጃቸው አቅፈው ሳሟቸው፣ እግዚአብሔር ያጽናዎትን ተቀበሉ፣ በዚህኛው እኔን እንደያዙ። ጉልበቴ ደንዝዞ ነበር፣ አልተንቀሳቀስኩም።

ሰዎቹ ሲቀመጡ ወደ እኔ ዞሩ። «ነገ ቀብር ላይ ከእኛ ጋር ነው የምትሄጂው» አሉኝ። «እኔና ሩት ያለንበት መኪና።»

ሩት ሰማች። ቀና አለች። እምቢ ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። እምቢ አላለችም።